የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶችና የፀሐይ ሙቀት

አዲስ አበባ በፍል ውሃ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ናት። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውሃው ከሚፈልቅበት መስክ አጠገብ ቤት ባሠሩ ጊዜ መኳንንቱና ሠራዊቱ እየተከተሉ በዙሪያው ሰፈሩ፤ ለቦታውም አዲስ አበባ የሚል ስም ወጣለት። ቁርጥማት የያዘው፣ ወገቡ የተያዘ፣ እግሩ ያበጠ ሰው ሁሉ ወደዚያ ውሃ እየወረደ ይታጠብ ነበር። ስለዚህ ሙቅ ውሃ ለደከመ ሰውነት ምን ያህል ዕረፍት እንደሚሰጥ የዚህ አገር ሰው ከሌላ መማር አያስፈልገውም።

ዳሩ ግን ፍል ውሃ በሁሉ ደጅ አይፈልቅም። ጧሪና ቀባሪ ያጡ አረጋውያን በሚኖሩባቸው የመጦሪያ ቤቶች ሙቅ ውሃ የሚገኘው በኤሌክትሪክ ወይም በማገዶ ነው፤ ኤሌክትሪኩም ማገዶውም ገንዘብ ይጠይቃል። የእነዚህም ቤቶች ገንዘብ ከንግድ ትርፍ የሚመጣ ሳይሆን ከምጽዋት፣ ከማኅበርተኞች መዋጮና ከልዩ ልዩ ድጋፍ የሚሰበሰብ ነው። እንግዲህ በነዚህ ቤቶች በከንቱ የሚባክን ሙቀት ሁሉ፣ ለአረጋውያኑ እንጀራ፣ ልብስና መድኃኒት ከተሰጠው ገንዘብ ላይ የሚቀነስ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ቀድሞ ባገራችን ሽማግሌና አሮጊት በልጆቻቸው ቤት ይጦሩ ነበር። ልጅ የሌላቸው በዘመድና በጎረቤት ይደገፉ ነበር፤ ዘመድም ጎረቤትም ያጡ እንደ ሆነ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ሥር ተጠግተው ከምእመናን እጅ ይመገቡ ነበር። በአሁኑ ጊዜ ግን ልጆች ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማና ወደ ውጭ አገር ስለሚሄዱ፣ የከተማም ኑሮ ስለ ተወደደ፣ ያለ ጧሪ የሚቀሩት አረጋውያን በርክተዋል። ስለዚህም በጎ አድራጊ ሰዎች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራት የመጦሪያ ቤቶችን አቋቁመዋል። ከእነዚህም አንዱ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው፤ ይህም ማዕከል በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ችግረኞችን ከጎዳና እያነሣ ተቀብሏል። የሚጦረው ሰው ቁጥር በጨመረ መጠን የሚታጠበው ገላ፣ የሚታጠበው አንሶላ፣ የሚጋገረውም እንጀራ አብሮ ይጨምራል።

ሰው ባረጀ ቁጥር ሰውነቱ ሙቀትን ይዞ የመቆየት ኃይሉ ይደክማል፤ ቆዳውም ይሳሳል። መንቀሳቀስ ተስኖት በአልጋ ላይ የሚውል ሰው ገላው ዘወትር ካልታጠበና በሚገባ ካልደረቀ ይቆስላል። ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ደግሞ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ መታጠብ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለ ተሠራች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። ሌሊቱን በቧንቧ ሲቀዘቅዝ ያደረውን ውሃ በማለዳ በሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ገላ ላይ ማፍሰስ ማስጨነቅ እንጂ ማጠብ አይባልም። ስለዚህ በየትም አገር ቢሆን ለማሞቂያ የሚሆን ገንዘብ ያጠረው የመጦሪያ ቤት የመታጠቢያውን ቀን ማራራቅ ይጀምራል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ የነበረው አንድ ጊዜ ይሆናል፤ አረጋዊውም ብርዱን ፈርቶ እድፉን ይመርጣል። የሰው ክብር በዝምታ የሚጎድለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ለድኾችና ለደካሞች ማረፊያ ማዘጋጀት በቤተ ክርስቲያን ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ ቂሳርያ አጠገብ ለድኾች፣ ለበሽተኞችና ለለምጻሞች የሚሆን ሰፊ ማረፊያ አሠርቶ፣ ሐኪሞችንና አስታማሚዎችን መድቦ ነበር። የዚህ አባት ሥራ እስከ ዛሬ የሚታሰበው ስለ ቸርነቱ ብቻ አይደለም፤ ቸርነቱን በቤት፣ በሠራተኛና በሥርዓት ስላጸናውም ጭምር ነው። በዛሬውም ዘመን ምጽዋትን በሥርዓት መጠበቅ ማለት እህሉንና ልብሱን መቁጠር ብቻ ሳይሆን፣ በሽቦና በቧንቧ ተሰውሮ የሚሄደውንም ገንዘብ መቆጣጠር ነው።

ይህንንም በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። 100 አረጋውያን የሚኖሩበት አንድ ቤት ለምሳሌ ቢታሰብና ለእያንዳንዱ ሰው ለገላና ለልብስ በቀን 30 ሊትር የሞቀ ውሃ ቢመደብ፣ በጠቅላላው 3,000 ሊትር ይሆናል። ይህ ውሃ 17 ዲግሪ ሆኖ ገብቶ ወደ 40 ዲግሪ እንዲደርስ ከተፈለገ በየቀኑ 80 ኪሎዋት ሰዓት፣ በዓመትም 29,000 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ይህም በማሞቂያው፣ በማጠራቀሚያውና በቧንቧው ላይ የሚጠፋውን ሳይጨምር ነው። በዚሁ ቤት እያንዳንዳቸው 9 ዋት የሆኑ 100 ኤልኢዲ አምፖሎች በየቀኑ ስድስት ስድስት ሰዓት ቢበሩ የሚፈጁት 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። እንግዲህ የሙቅ ውሃው ፍጆታ ከብርሃኑ ፍጆታ ከ14 እጥፍ ይበልጣል። በብዙ ቤት ግን ቁጠባ ሲባል መብራት አጥፉ ማለት ብቻ እየመሰለ፣ ትልቁ ወጪ ሳይታይ ያልፋል።

ስለዚህ የፀሐይ ማሞቂያ ለመግዛት ከመጣደፍ በፊት የሚባክነውን ሙቀት ማቆም ይቀድማል። በተቀደደ አቁማዳ እህል የሚሞላ ሰው እንደማይኖር ሁሉ፣ በሚያፈስ ቤት ላይ አዲስ ማሞቂያ መስቀል ከንቱ ድካም ነው። የሚባክነውን ላዳነ ቤት የሚገዛው የፀሐይ ማሞቂያ ያነሰ ይሆናል፤ ወጪውም በዚያው ልክ ይቀልላል።

ብክነቱ በመጀመሪያ የሚገኘው በቧንቧ ውስጥ ነው። ማሞቂያው ከመታጠቢያው 30 ሜትር ቢርቅና የቧንቧው የውስጥ ስፋት 20 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በቧንቧው ውስጥ ከ9 ሊትር በላይ ውሃ ይቆማል። ይህ ውሃ ታጥቦ በተወጣ ቁጥር ቆሞ ይቀዘቅዛል፤ ቀጥሎ የሚታጠበው ሰው ሙቁ እስኪደርስለት ድረስ የቀዘቀዘውን ወደ ፍሳሽ ይለቅቀዋል። ስለዚህ ማሞቂያውን ለመታጠቢያው ማቅረብ፣ ቧንቧውንም ሙቀት በማያስወጣ ልባስ መጠቅለል፣ በተከታታይም ማጠብ ይገባል። የሙቅ ውሃው በርሜል ያለ ልባስ ራቁቱን ከቆመ ሌሊቱን ሙሉ አየሩን ሲያሞቅ ያድራል፤ በሚገባ የተሸፈነ በርሜል ግን የማታውን ሙቀት እስከ ጠዋት ይዞ ያድራል። ከመታጠቢያው ራስ በደቂቃ 12 ወይም 15 ሊትር የሚያፈሰውን አውጥቶ 6 ወይም 7 ሊትር የሚያፈሰውን ቢተኩበት ሰውዬው ሳይጎዳ የውሃውና የሙቀቱ ፍጆታ በግማሽ ይቀንሳል። የሚያንጠባጥብ የሙቅ ውሃ ቧንቧም ቀንና ሌሊት የማይተኛ ሌባ ነውና በታየ ቀን መጠገን አለበት።

ከዚህም በቀር አንዲት ሳንቲም የማያስወጣ መድኃኒት አለ፤ ይኸውም የመታጠቢያውን ሰዓት መለወጥ ነው። በማለዳ ሁሉን ሰው አጥቦ መጨረስ ለሠራተኛ ቢመችም፣ አየሩም ውሃውም እጅግ የሚቀዘቅዝበት ሰዓት ያው ማለዳ ነው። ገላ መታጠቡ ከቀኑ አምስት ሰዓት በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቢሆን ክፍሉ ሞቆ፣ ውሃውም በፀሐይ ተሞቆ ይጠብቃል፤ አረጋውያኑም ታጥበው በፀሐይ ለመቀመጥ ጊዜ ያገኛሉ። በማለዳ መታጠብ የግድ የሚሆንባቸው በሽተኞች ብቻ በልባስ ውስጥ ባደረው ውሃ ቢታጠቡ ይበቃል።

ወጥ ቤቱም ሊታይ የሚገባው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚወስድ ስለ ሆነ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጋገሩ ደጋግሞ ከማሞቅ ይልቅ ምጣዱ አንድ ጊዜ ከጋለ በኋላ የሁለትና የሦስት ቀኑን እንጀራ አከታትሎ መጋገር ብዙ ኃይል ያተርፋል። በማገዶ የሚጋገር እንደ ሆነ ደግሞ፣ እሳቱን ከቦ የሚይዘው ምርት የተባለው ምድጃ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት ጋር ሲመዛዘን ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ጭሱም ስለሚያንስ የጋጋሪዋ ዓይንና ሳንባ ያርፋል። ባቄላና ሽምብራ አስቀድሞ መዘፍዘፍ፣ ድስት ከድኖ መቀቀል፣ እነዚህን የመሳሰለው ባልትና ሁሉ የኃይል ቁጠባ ነው፤ እናቶች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቁታል፤ ብዙ ሕዝብ በሚመገብበት ወጥ ቤት ግን በጥድፊያ ምክንያት ይረሳል።

የመኝታ ክፍሎቹም ሙቀት እንደዚሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤት መመሪያ፣ በብርድ ወራት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ እንዳይወርድ መክሯል፤ ለአረጋውያን ከዚህም ከፍ ማለት ሊያስፈልግ እንደሚችል ገልጿል። ቆርቆሮ ብቻ የለበሰ ጣሪያ በቀን ይግላል፤ በሌሊት ግን ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅቃል። ከሥሩ ኮርኒስ ቢመታበት፣ በኮርኒሱም ላይ ሙቀት የሚይዝ ነገር ቢነጠፍበት፣ የመስኮቱና የበሩ ስንጥቅ ቢደፈን፣ ወፍራም መጋረጃም ማታ ማታ ቢዘጋ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሳይለኮስ ክፍሉ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ነገር ግን ስንጥቅ ሲደፈን አየር የሚገባበት መንገድ ፈጽሞ እንዳይዘጋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማጨስም ነፍስ የሚያጠፋ ስለ ሆነ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

እንዲህ ሆኖ ቤቱ ከተስተካከለ በኋላ የፀሐይ ተራ ይመጣል። ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ አጠገብ ያለች አገር ስለ ሆነች፣ የዓመቱ መካከለኛ ሲታሰብ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በቀን ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚሆን የፀሐይ ኃይል ይወርዳል። ፀሐይን ለውሃ ማሞቂያ ማዋል ደግሞ የትናንት ፈጠራ አይደለም፤ ክላረንስ ኬምፕ የተባለ አሜሪካዊ በባልቲሞር ከተማ ለመጀመሪያው ለገበያ የበቃ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ የፈጠራ መብት ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ነው።

አሠራሩም ለማስተዋል ቀላል ነው። በጣሪያ ላይ ጥቁር ቅብ የተቀባ ጠፍጣፋ የብረት ገጽ በመስተዋት ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ በጥቁሩ ገጽ ላይ ቀጫጭን ቧንቧዎች ተያይዘው ውሃ ያልፍባቸዋል። ጥቁሩ ገጽ ብርሃኑን ውጦ ይግላል፤ መስተዋቱ ሙቀቱ ተመልሶ እንዳይወጣ ይከለክላል። የሞቀ ውሃ ከቀዝቃዛው ስለሚቀልል፣ ከበላዩ ወደ ተቀመጠው በርሜል በራሱ ይወጣል፤ በርሜሉም ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ ውሃ በምትኩ ይወርዳል። በዚህ ዓይነት ፀሐይ እስካለች ድረስ ያለ ሞተርና ያለ ኤሌክትሪክ ሲዞር ይውላል፤ መብራት በጠፋ ቀን እንኳ ሥራው አይቋረጥም።

በደህና የተሠራ ማሞቂያ ከሚወርድበት የፀሐይ ኃይል ግማሽ ያህሉን ወደ ውሃው ያስገባል ተብሎ ቢታሰብ፣ አንድ ካሬ ሜትር በቀን 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። እንግዲህ ከላይ ለተጠቀሰው የ100 ሰው ቤት እያንዳንዳቸው 2 ካሬ ሜትር የሆኑ 12 ማሞቂያዎች ቢተከሉ በቀን 60 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስገኛሉ፤ ይኸውም ከሚያስፈልገው 80 ሦስት አራተኛው ነው። የቀረውን በደመናማ ቀንና በክረምት ኤሌክትሪክ ይሞላዋል። ለክረምቱ ጨለማ ታስቦ ከዚህ የበዛ ቢተከል ግን በበጋ ከልክ ያለፈ ሙቀት ይከማቻል፤ ገንዘቡም ያለ ጥቅም ይቆለፋል። የማሞቂያው ፊት ወደ ደቡብ ዞሮ 15 ዲግሪ ያህል ቢያጋድል መልካም ነው፤ ብርዱ በሚጸናበት በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ሙቅ ውሃ እጅግ በሚፈለግበት ወራት ብርሃኑን በቀጥታ ይቀበላል።

በገበያ የሚገኘው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ከላይ የተነገረው ጠፍጣፋው ሲሆን፣ ሁለተኛው አየር በወጣላቸው ድርብ የመስተዋት ቱቦዎች የተሠራው ነው። ባለ ቱቦው በብርድና በደመና ጊዜ ሙቀቱን የተሻለ ይይዛል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀልላል። ነገር ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ቱቦዎቹ ውሃ አልቆባቸው በፀሐይ ከጋሉ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ቢገባባቸው ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ የቀዝቃዛው ውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ከፀሐይ ማሞቂያው ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ውሃ ተቋርጦ የከረመ እንደ ሆነም ማሞቂያውን በማለዳ ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ እንጂ በቀትር መሙላት አይገባም። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ውርጭ በሚወርድባቸው ደጋ አገሮች ደግሞ በጠፍጣፋው ቧንቧ ውስጥ ውሃ ረግቶ እንዳያፈነዳው የማይረጋ ፈሳሽ የሚዞርበትን ዓይነት መምረጥ ይሻላል።

የአረጋውያን ቤት እንደ ሌላው ቤት ስላልሆነ ስለ ሁለት አደጋዎች አጥብቆ ማሰብ ያስፈልጋል። አንደኛው ሌጂዮኔላ የተባለው ተሐዋሲ ነው። ይህ ተሐዋሲ ስሙን ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ በተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮች ላይ ከወረደው የሳንባ በሽታ ነው። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ለብ ባለና በቆመ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ በመታጠቢያው ተን ወደ ሳንባ ይገባል፤ ይልቁንም አረጋውያንን ይጎዳል። ስለዚህ በማጠራቀሚያው ያለው ውሃ 60 ዲግሪ እንዲደርስ፣ ፀሐይ ያልበቃችበትም ቀን በኤሌክትሪክ እንዲሟላ ማድረግ ግዴታ ነው። ሁለተኛው አደጋ መቃጠል ነው። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ የሳሳ ቆዳን በጥቂት ሴኮንድ ይልጣል፤ በበጋ ደግሞ የፀሐይ ማሞቂያ ከዚያም በላይ ሊያግል ይችላል። ስለዚህ ሙቁንና ቀዝቃዛውን መጥኖ የሚቀላቅል መቆጣጠሪያ በመታጠቢያው አጠገብ ተተክሎ ውሃው ከ43 ዲግሪ ሳያልፍ እንዲወጣ ይደረግ፤ አጣቢውም በክርኑ ሳይሞክር በሰው ላይ አያፍስስ። በዚህ ዓይነት ለ3,000 ሊትር የገላ ውሃ በርሜሉ ውስጥ 1,600 ሊትር ያህል ባለ 60 ዲግሪ ውሃ ይበቃል፤ የቀረው ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀላቀላል።

አንዳንድ ሰው፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አገኘን ከተባለ በኋላ ስለ ኤሌክትሪክ ቁጠባ መናገር ምን ይረባል? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ንቀት የሚገባው አይደለም። ነገር ግን ኃይሉ በግድቡ ቢበዛም፣ በመጦሪያ ቤቱ ቆጣሪ ላይ የሚወርደው ሒሳብ በዚያ አይቀርም፤ እንዲያውም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተወስኗል። ደግሞም በአገሪቱ እስከ ዛሬ ኤሌክትሪክ ያልደረሰው ሕዝብ በብዙ አሥር ሚሊዮን የሚቆጠር ነው። ወፍጮ የሚያዞር፣ ፋብሪካ የሚያንቀሳቅስ፣ የሕክምና መሣሪያ የሚያሠራ ኃይል፣ ፀሐይ በነፃ ልትሠራው ለምትችለው የገላ ውሃ ማሞቂያ መዋሉ አግባብ አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ እያንዳንዳቸው ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስቡ አሥር የሻወር ማሞቂያዎች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ የቤቱን ሽቦ ያግላሉ፤ የእሳት አደጋም ሊያስነሱ ይችላሉ።

በዚህ ነገር አብነት የሚሆን አገር ቢፈለግ እስራኤል ትገኛለች። ያች አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነዳጅ ባጠራት ጊዜ ሕዝቡ ወደ ፀሐይ ማሞቂያ ፊቱን መለሰ፤ ሃሪ ታቦር የተባለው የፊዚክስ ሊቅም በ1955 ብርሃንን ውጦ ሙቀቱን የማያስመልጥ ልዩ ጥቁር ቅብ አወጣ። በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ በናረ ጊዜ ደግሞ በ1980 አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ሁሉ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እንዲኖረው በሕግ ታዘዘ። ከኢትዮጵያ ሄደው በዚያ የሚኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ዱድ ሼሜሽ የሚባለውን ይህን የፀሐይ በርሜል በየጣሪያው ያዩታል፤ በየቤታቸውም ይታጠቡበታል። በዚያ አገር ነገሩን ያጸናው የፀሐይዋ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ቤት ሲሠራ አስቀድሞ እንዲታሰብበት ያደረገው ሕግ ነው። የተሠራ ቤት አፍርሶ ቧንቧ ከመቅበር፣ በመሠረቱ ጊዜ ቦታውን ማዘጋጀት ይቀልላልና።

ሆኖም ማሞቂያው ከተተከለ በኋላ ጠባቂ ካላገኘ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በብዙ አገር በእርዳታ የተተከሉ የፀሐይ መሣሪያዎች ዋጋዋ እዚህ ግባ በማትባል አንዲት መዝጊያ መበላሸት ምክንያት ቆመው አቧራ ለብሰው ቀርተዋል። መስተዋቱ በየጊዜው መጠረግ፣ በውሃው ጨው የሚጋገረው ዝቃጭ በዓመት መጽዳት፣ የሚያፈስ መጋጠሚያ ቶሎ መታሰር አለበት። ስለዚህ በያንዳንዱ መጦሪያ ቤት አንድ ሰው በስሙ ኃላፊ ይሁን፤ በየሳምንቱም የቆጣሪውን ቁጥርና የውሃውን ሙቀት በመዝገብ ይጻፍ። ከመትከሉ በፊት የሦስት ወር፣ ከተተከለም በኋላ የዓመት መዝገብ ቢኖር፣ የተረፈው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ ያለ ክርክር ይታወቃል፤ ገንዘቡን የሰጡት ሰዎችም ዕምነታቸው ይጸናል።

በዚህ ሥራ የመንግሥት ሹማምንት ድርሻ ግልጽ ነው። አዲስ የመጦሪያ ቤት ፕላን ለማጽደቅ ሲቀርብላቸው፣ ጣሪያው የፀሐይ ማሞቂያ ለመሸከም የጠነከረ፣ ወደ ደቡብ የሚያይና ቧንቧው የተዘጋጀ መሆኑን ቢጠይቁ፣ ለመንግሥትም ለቤቱም ብዙ ወጪ ያድናሉ። ዕቃ ሲገዛም ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ ከማየት ይልቅ፣ ሻጩ የመለዋወጫና የጥገና ግዴታ እንዲገባ፣ ሠራተኛም እንዲያሠለጥን በውሉ ውስጥ ማስገባት ይገባል። የሙያ ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎቻቸውን በነዚህ ቤቶች ጣሪያ ላይ ቢያስተምሩ፣ ልጆቹ ሙያ ይቀስማሉ፤ አረጋውያኑም ሙቅ ውሃ ያገኛሉ።

የካህናቱም ድርሻ ከዚህ አያንስም። ምእመናን ለአረጋውያን ሲሰጡ በዓይን የሚታየውን፣ እንጀራውንና ብርድ ልብሱን፣ ለመስጠት ይፈጥናሉ፤ ለቧንቧ ልባስና ለጣሪያ ኮርኒስ ለመስጠት ግን ልባቸው እምብዛም አይነሣም፤ ምጽዋት አይመስላቸውምና። የነፍስ አባት ይህን ቢያስረዳ የሚሰማ አያጣም። ለሙታን መታሰቢያ ተዝካር ለማውጣት የሚያስቡ ቤተ ሰቦች፣ ጸሎቱና ቅዳሴው እንደ ሥርዓቱ ከተፈጸመ በኋላ፣ ለድግሱ ከታሰበው ከፍለው በሟቹ ስም አንድ የፀሐይ ማሞቂያ ለመጦሪያ ቤት ቢሰጡ፣ መታሰቢያው ድግሱ እንዳለቀ አይቀርም፤ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ይታደሳል። የጽዋ ማኅበራትና ሰንበቴዎችም ተባብረው ይህን ማድረግ ይችላሉ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ሸሽተው ወደ ፍል ውሃ በወረዱ ጊዜ ሙቀትን ለማግኘት ወደ ምድር ጥልቅ መመልከት ግድ ነበር። ዛሬ በዚያችው ከተማ የሚኖሩት ጧሪ ያጡ አረጋውያን ወደ ፍል ውሃ የሚወርዱበት ጉልበት የላቸውም። ነገር ግን ሙቀቱ በየዕለቱ በራሳቸው ጣሪያ ላይ ይወርዳል። ያንን ይዞ ወደ ገላቸው ለማድረስ የሚያስፈልገው የተሸፈነ በርሜል፣ የታሰረ ቧንቧ፣ የተቃና ሰዓትና ኃላፊነቱን የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ ነው። ይህን ማዘጋጀት ከሹምም ከካህንም አቅም በላይ አይደለም፤ ሽማግሌውም በብርድ ፈንታ በሙቅ ውሃ ታጥቦ በፀሐይ በተቀመጠ ቀን፣ የተሰጠለት ምጽዋት በትክክል እጁ ደረሰ ማለት ይቻላል።